ስለ ቲያንዌን-1 ጠይቁኝ፦ ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ቻይና ወደ ማርስ ስለላከቻት ቲያንዌን-1 የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ መንኮራኩሯ አንድ ናት ወይስ ብዙ?

አብረው ተጉዘው ማርስ ሲደርሱ የሚለያዩ ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ፕላኔቷን የምትዞረው፣ መሬት የሚያርፈው መድረክ፣ ከመድረኩ ወርዳ በስድስት ጎማ የምትሄደው ዡሮንግ። በጠቅላላው 5 ቶን ያህል ይመዝናሉ። ሐምሌ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ከዌንቻንግ ተተኩሰው የካቲት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የማርስ ምህዋር ውስጥ ገቡ።

ከደብረ ብርሃን፦ ስታርፍ ከምድር ሆኖ የሚነዳት ማን ነው?

ማንም። ባረፈችበት ሌሊት ማርስ 320 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለነበር የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ ብቻ 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። መውረዱ ግን 9 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ መውረድ መጀመሯ እዚህ ሳይሰማ እዚያ ማረፉ አልቋል። የማርስ አየር ከእኛው 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ፓራሹት ብቻውን አያቆማትም፤ መጨረሻ ላይ ሮኬት ያስፈልጋል። ዩቶፒያ ሜዳ ላይ ያረፈችው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ18 ገደማ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ዡሮንግ ለምን ዝም አለች?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። መንዝ ውስጥ ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ አቧራ ሲለብሰው መብራቱ ይደክማል፣ ጨርቅ ይዞ ይወጣል። ዡሮንግም የምትሠራው በሶላር ነበር፤ ማርስ ላይ ግን ጠራጊ የለም። ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ አንድ ዓመት ያህል ሠራች፤ 1,921 ሜትር ሄደች። ግንቦት 2014 ዓ.ም. የማርስ ብርዳማ ወቅት ሲከብድ እንድትተኛ ተደረገ። ለመንቃት ሁለት ነገር ያስፈልጋት ነበር፦ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ያለፈ ሙቀትና ከ140 ዋት በላይ ኃይል። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ትነቃለች ተብሎ ተጠበቀች፤ አልነቃችም። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች የጠረጠሩት አቧራውን ነው። “ከሸፈች” የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ከታሰበላት በላይ የሠራች ማሽን እንዴት ከሸፈች ይባላል?

ከአንኮበር፦ ውሃ አገኘች?

በራዳሯ እስከ 80 ሜትር ጥልቀት ተመልክታ የፈሳሽ ውሃ ምልክት አልታየም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የወጣ ትንተና ከመሬት በታች የጥንት ባሕር ዳርቻ የሚመስል ደለል አሳይቷል። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይኸኛው ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ እኛስ?

የእኛ ኢትአርኤስኤስ-1 ሳተላይት የተተኮሰችው ከቲያንዌን ሰባት ወር ቀድማ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እዚያው ቻይና ነው። ሥራዋ ግን ምድርን ማየት ነበር። ፊዚክስና ሒሳብ ላይ በርቺ፣ ልጄ።

ከአንኮበር፦ ማርስን በዓይን ማየት ይቻላል?

አዎ፣ እትዬ። የካቲት 2019 ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ቀላ ብላ የማትርገበገበዋ እሷ ናት። ዡሮንግን ግን ከምድር የትኛውም ቴሌስኮፕ አያሳይም።