ጭቃው ቤት ወይስ ቆርቆሮው? የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት የምሥረታ ዓመት

ጥያቄ፦ ለተከበረው የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ገጠር ቀበሌ የሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የምሥረታ በዓል ለማክበር አስበን ታሪኩን ስናሰባስብ ሽማግሌዎቹ በሁለት ተከፈሉብን። ገሚሶቹ «የተከፈተው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የሠራነውም እኛው ነን» ሲሉ፣ ሌሎቹ «በ1963 ዓ.ም. ስዊድኖች ሠርተው ሰጡን» ይላሉ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳም 1963 ይላል። የትኛውን እንያዝ? ምን ዓይነት ማስረጃስ እንፈልግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሽማግሌዎችዎ የሚናገሩት ስለ ሁለት ቤቶች ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን እውነቱን ሳይናገር አልቀረም።

በ1940 ዓ.ም. ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ የሚውል የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቶች በብዛት የተከፈቱት በከተሞችና በመኪና መንገድ ዳር ስለነበር፣ ከመንገድ የራቀው ገበሬ ልጁን ማስተማር ሲፈልግ በደቦ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ሣር ከድኖ ቤት ያቆምና «ቤቱን ሠርተናል፤ መምህር ይላክልን» እያለ አውራጃ ድረስ ይመላለስ ነበር። የ1958ቱ ቤት እንዲህ ያለው ሊሆን ይችላል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የስዊድን መንግሥት በሰጠው ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። በብዙ የገጠር ወረዳዎች አሁንም «የስዊድን ትምህርት ቤት» የሚባሉት ቆርቆሮ ክዳን ቤቶች የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ሆኖም ርዳታው ሙሉ አልነበረም፤ የአካባቢው ሕዝብ የወጪውን ግማሽ ያህል እንዲያዋጣ ይጠበቅበት ነበር። «ስዊድኖች ሰጡን» የሚለው አነጋገር ይህን ግማሽ ስለሚያስረሳ፣ በበዓሉ መጽሔት ላይ ብቻውን እንዳይታተም አደራ እላለሁ። እህሉን ሸጦ ብሩን ያዋጣው ገበሬ ስሙ በመዋጮ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ ሊሆን ስለሚችል፣ የገንዘብ ያዥ የነበሩ ሰዎችን ልጆች ቤት ያለውን አሮጌ ደብተር ሁሉ ጠይቁ።

ዓመቱን ለማጣራት ከሰሌዳው ይልቅ ማኅተም ይታመናል። አንድ ደብዳቤ «ትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር» ወይም «የጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ ከአብዮቱ በፊት የተጻፈ ነው፤ «ክፍለ ሀገር» የሚል ከሆነ ግን የደርግ ዘመን ነው። ሽማግሌዎችን ስትጠይቁም «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሏቸው። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ያስነሣውን ዐመፅ የማያስታውስ የዚያን ጊዜ ሰው ጥቂት ነውና፣ ቤቱ ከዐመፁ በፊት ቆሞ እንደነበር ጠይቋቸው። እንዲሁም በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ሲመጡ የት እንዳደሩ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጎልማሶች ማታ በየትኛው ክፍል ፊደል እንደቆጠሩ ቢጠየቁ፣ የቤቶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የተማሪዎች መዝገብ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር፣ ጠርዙን አይጥ የበላው እንዲህ ያለ መዝገብ አግኝቼ ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ በስተመጨረሻም «ያቋረጠበት ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበረው። በወንዶቹ አንጻር «እረኛ ሆነ»፣ በሴቶቹ አንጻር ደግሞ «ተዳረች» የሚለው ቃል በዚያው በአንድ መምህር የእጅ ጽሑፍ ገጽ በገጽ ይደጋገማል። የዐሥር ዓመት ልጅ ስም አጠገብ ያንን ቃል ሳነብ መዝገቡን ዘግቼ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ማስረጃው ግምቴን ካጸናልን፣ ምሥረታው የመጀመሪያዎቹ ልጆች የተማሩበት 1958 ሆኖ፣ 1963 ግን የቆርቆሮው ቤት የተሠራበት ዓመት ተብሎ በሰሌዳው ላይ ለብቻው እንዲጻፍ ነው። ምስክር ፍለጋ ስትወጡም በኮሚቴው የተቀመጡት አባቶች ብቻ አይብቁ። በመዝገባችሁ ላይ «ተዳረች» ተብሎ የተጻፈባቸው ሴቶች ካሉ ዛሬ በአካባቢው አያት ሆነው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው መምህር ማን እንደነበረና በጭቃው ቤት ውስጥ ምን ላይ ተቀምጠው እንደተማሩ እነርሱን ጠይቁ፤ በበዓሉም ቀን የክብር ወንበር ይዘጋጅላቸው።