የመቶ እግርን እግር ለምትቆጥሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

አፈር ውስጥ የሚኖሩትን፣ ዓይን የሌላቸውንና እንደ ክር የቀጠኑትን መቶ እግሮች ሳጠና ፀጉሬ ሸበተ። አዲስ የመሰለ ፍጥረት በእጃችሁ ሲገባ ልባችሁ እንዴት እንደሚመታ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ስም ለማውጣት እንዳትቸኩሉ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ከቆጠራው ልጀምር። የእነዚህ እንስሳት እግር እንደየዝርያው ከ27 ጥንድ ተነሥቶ እስከ 191 ጥንድ ይደርሳል፤ የጥንዱ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ልክ መቶ እግር ያለው በመካከላቸው የለም፤ ሃምሳ ጥንድ ሊሆን አይችልምና። ቆጥራችሁ 48 ወይም 52 ከመጣላችሁ አንድ ጥንድ ዘላችኋል ወይም ደግማችሁ ቆጥራችኋል ማለት ነው፣ እንደገና ጀምሩ። እንስሳውን ግሊሰሪን ውስጥ በጀርባው አስተኙት። ከራሱ ሥር ያሉት ሁለቱ የመርዝ ጥፍሮች ጥንት እግር የነበሩ ቢሆንም አይቆጠሩም። ከኋላ የሚጎተተው የመጨረሻው ጥንድ፣ ባይራመድበትም፣ ይቆጠራል። እኔ አሥር ጥንድ በቆጠርኩ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት አሰምራለሁ፤ ዓይን የሚደክመው መሀሉ ላይ ነው።

ይህ ቁጥር ትልቅ ዋጋ ያለው ከልጅነት እስከ እርጅና ስለማይለወጥ ነው። ድንጋይ ሥር የምናገኛቸው ባለ15 ጥንድ ዘመዶቻቸው በጥቂት እግር ተፈልፍለው ቆዳ በቀየሩ ቁጥር ይጨምራሉ። የአፈሮቹ ግን ሙሉ እግራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሌላው አካላቸው እንዲህ አይደለም። በመጨረሻዎቹ እግሮች ሥር ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከዕድሜ ጋር እየበዙ ይሄዳሉ፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

አራት ናሙና ነበረኝ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበራቸው፤ የሚቀርባቸው የታወቀ ዝርያ ደግሞ ከአሥር በላይ አለው። ልዩነቱ በቂ መሰለኝና ሥዕሉን ሠራሁ፣ ስሙን መረጥኩ፣ ጽሑፉን ጨርሼ ለመላክ ተዘጋጀሁ። በዚያ ሰሞን ከዝናብ በኋላ አንድ የበሰበሰ ግንድ ስገለብጥ አንዲት እናት አገኘሁ። ጀርባዋን ወደ ልጆቿ፣ ሆዷን ወደ ውጭ አድርጋ እንደ ቀለበት ተጠቅልላባቸዋለች። አብዛኞቹ የአፈር መቶ እግሮች እንዲህ ነው የሚተኙት፤ ሆዳቸው ላይ ያሉት እጢዎች የሚያወጡት ፈሳሽ ጠላትን የሚያባርር ነውና ልጆቹን እንዳይነካ ይመስለኛል። ልጆቹ ነጫጭ ናቸው፣ ሊበተኑ የደረሱ፣ እግራቸው ሁሉ የተሟላ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያቸው የእናትየው ቀዳዳ አሥራ ሁለት፣ የልጆቹ አንድና ሁለት ሆኖ አገኘሁት። እነዚያ “አዲስ” ያልኳቸው አራቱ የታወቀው ዝርያ ልጆች ነበሩ። ጽሑፉን በዚያው ምሽት ቀደድኩት።

ስለዚህ አንድ ናሙና ይዛችሁ አትሩጡ። ወንዱንም ሴቷንም፣ ትንሹንም ትልቁንም ፈልጉ። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከወንዱ ጥቂት ጥንድ እግር ትበልጣለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ባልና ሚስቱን ሁለት ዝርያ ያደርጋቸዋል። እንቁላል የታቀፈች እናት ካገኛችሁና ካላስፈለገቻችሁ አፈሩን ቀስ ብላችሁ መልሱላት፤ ከተረበሸች እንቁላሎቿን ልትበላ ትችላለች።

የአፉን ክፍሎች ለማየት ራሱን በላክቲክ አሲድ አጥርታችሁ ሣሉት። የድሮዎቹን ገለጻዎች አንብቡ፤ ብዙዎቹ ጥቂት የላቲን መስመሮች ስለሆኑ፣ ስሙ የተመሠረተበትን ናሙና ከሙዚየም አስፈቅዳችሁ በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ አትመኑ። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ለሚወጣ አዲስ ስም መሠረት የሚሆነው ናሙና ተለይቶ እንዲጠቀስ ያስገድዳል። ልፋታችሁን ወደፊት የሚፈትሸው ሰው ወደዚያ ናሙና ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከእጃችሁ ካለው ሁሉ ደኅናውን ምረጡ።

የማታውቁትን ለሚያውቅ መስጠትም አያሳፍርም። ናናሩፕ ሆፍማኒ የተባለው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ባለ41 ጥንድ መቶ እግር የተገኘው ኒውዮርክ ከተማ መሀል፣ ሴንትራል ፓርክ፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ ነው። የመቶ እግር ዘመድ የሆነው የሺህ እግር ሊቅ የነበረው ሪቻርድ ሆፍማን የተለየ መሆኑን አይቶ ጣሊያን ላሉ ባለሙያዎች ላከው፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በ2003 ገልጸው በእሱ ስም ጠሩት። የቅርብ ዘመዶቹ ያሉት በምሥራቅ እስያ ስለሆነ ከተክል አፈር ጋር ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። አዲስ ስም ያገኘ ሁሉ የተገኘበት ቦታ ተወላጅ አይደለም፤ ስትጽፉ ይህን ለዩ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ብልቃጥ አለች። ውስጧ 57 ጥንድ እግር ያላት፣ በደንብ ያደገች ሴት ናት፤ የመርዝ ጥፍሯ ሥር ያለው ጥርስ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይለያል። ወንድ አላገኘሁላትምና ስም አልሰጠኋትም። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደወጣች በእርሳስ ጽፌ ወረቀቱን ከእሷ ጋር አልኮሉ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይሟሟል። ጉልበቴ እንደ ድሮው ለመቆፈር አይታዘዘኝም። ከእናንተ አንዱ ዝናቡ እንዳበቃ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ወረቀቱን አንብቦ ይሂድ።