ኮምቦልቻ የባቡር ከተማ ናት?

«ኮምቦልቻ እንደ ድሬዳዋ በባቡር የተቆረቆረች ናት ወይ?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን፦ አይደለችም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተመሠረተችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ ትቶ በግርጌው በማለፉ ሲሆን፣ ሠራተኛውም ነጋዴውም ጣቢያውን ተከትሎ ሰፈረ። ኮምቦልቻን ያቆማት ግን የመኪና መንገድ ነው። ወደ ደሴ የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚለያዩት እዚሁ በመሆኑ፣ አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን የከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ያድሩባት ነበር፤ ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ አልጋ ቤቱና ምግብ ቤቱ የለመለመው በእነርሱ ነው። ከተማዋ እንግዳ የማትጠየፈውም፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ በወረሰችው ልማድ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ግንባታ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከዚያ አስቀድሞ በ1970ዎቹ ተተክሏል።