የወንጀል ልቦለድ ለምታወዳድረው ወንድሜ፣ እኔን ያየህ ተቀጣ

ወንድሜ፣ «የድሮና የዘመኑ አጫጭር ልቦለዶች የግድያ ምስጢርን ደንብ እንዴት እንደሚይዙ አወዳድር ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?» ያልከውን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያንገበገበችኝ ርዕስ ናት። አንተም እንደኔ ጎንደር ነህ፤ ልቦለዶቹ ስልክህ ላይ በፒዲኤፍ ናቸው፤ ማስረከቢያው ደርሷል። ስለዚህ መርማሪ ማለት ምን ማለት ነው እያልኩ አላደክምህም።

1. ከደንቡ አትጀምር። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለመርማሪ ልቦለድ አሥር ትእዛዛት አወጣ። ወንጀለኛው ታሪኩ ሲጀምር አካባቢ ይጠቀስ፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አገኘሁት ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ሰንጠረዥ አሰመርኩ፤ በአንድ በኩል ትእዛዛቱ፣ በሌላ በኩል ልቦለዶቹ፣ መሐል ላይ ራይትና ኤክስ። ከዚያ የኤድጋር አለን ፖን «የሩ ሞርግ ግድያዎች» አስገባሁ። ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል እናትና ልጅ ይገደላሉ፤ ገዳዩ ኦራንጉታን ሆኖ ይገኛል። ዝንጀሮ! «ፖ ደንቡን ጥሷል» ብዬ በድፍረት ጻፍኩ።

መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ የመለሰልኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «ፖ የጻፈው በ1841 ነው። ደንቡ የወጣው ከ88 ዓመት በኋላ። ባልታወጀ አዋጅ ማን ይከሰሳል?» ሰባት ገጽ ገደል ገባ። ያውም ፒያሳ መብራት እየጠፋ ሦስቴ ተመላልሼ ያሳተምኩት።

2. እያንዳንዱን ታሪክ ስታነብ «ከእኔ የተደበቀው ምንድን ነው?» በል። እኔን ያዳነኝ ይሄ ጥያቄ ነው። በኮናን ዶይል የ1892ቱ «ባለ ነጠብጣቡ ጥብጣብ» ልጅቷ በተዘጋ ክፍል እንዴት እንደሞተች አታውቅም። መጨረሻ ላይ መርማሪው ሆልምስ እባቡ በየት እንደገባ ያስረዳሃል፤ አንተም በሰላም ትተኛለህ። የሮአልድ ዳልን የ1953ቱን ታሪክ ደግሞ ያዝ። ሚስት ባሏን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር ስትመታው ዓይንህ እያየ ነው። ገዳይዋንም መሣሪያውንም ታውቃለህ። የማያውቁት ፖሊሶቹ ናቸው። እግሩን ጠብሳ ታበላቸዋለች! «ማን ገደለ» የሚለው ቀርቶ «ታመልጥ ይሆን?» ትላለህ፤ ይባስ ብሎ እንድታመልጥ ትመኛለህ።

ይህን ቡና እየተፈላ ለእናቴ ተረኩላት። «ለቀስተኛ ሳይመጣ ጥብስ ይበላሉ?» ብላ ተቆጣች። ገዳይዋን ረስታታለች።

3. «ድሮ» እና «ዘመናዊ» በካላንደር ብቻ አይለዩም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ግላስፔል በ1917፣ ማለትም ከኖክስ 12 ዓመት በፊት፣ ደንቡን አስቀድማ ገልብጣዋለች። በታሪኳ ባሏን ገድላለች የተባለች ሴት ታስራለች። ወንዶቹ ምክንያቱን ፍለጋ ላይና ታች ይላሉ፤ ሁለት ሴቶች ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ያገኙታል። የታሰረችው ሴት የጀመረችው የጨርቅ ስፌት ድንገት ይንጋደዳል። የስፌት ሣጥኑ ውስጥ አንገቷ የተጠመዘዘ ወፍ አለች። ሴቶቹ ማስረጃውን ይደብቁታል።

የስፌቱ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ማን ስፌት አይቶ ሰው ይመረምራል? እናቴ ምንም ሳትል ተነሥታ አንድ ሙዳይ አመጣች። አባቴ ባረፈ ሰሞን የጀመረችው ነው። አንዱ ዙር ላይ አክርማው ላልቶ ወደ ጎን ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። የጽሑፌ ምርጥ አንቀጽ የወጣው ከዚህች ሙዳይ ነው።

ጃፓናዊውን ደራሲ አኩታጋዋንም እንዳትረሳ። በ1922ቱ ታሪኩ ሽፍታው፣ ሚስትየዋና በጠንቋይ አፍ የሚናገረው ሟች፣ ሦስቱም ግድያው የእኔ እጅ ነው ይላሉ። ማን እንደሆነ ሳይነገርህ ያልቃል። እኔ ይህን ከአውጫጭኝ ጋር አነጻጸርኩት። ድሮ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው ሳይታወቅ አይበተንም ነበር። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ አንተ ነህ» የሚልበት የድሮ ልቦለድ መጨረሻ ቁርጥ አውጫጭኝ አይደለም? አኩታጋዋ ግን ሰብስቦ፣ አናዝዞ፣ ሳይፈርድ በተናቸው። መምህሬ እዚህ ጋ «ጎበዝ!» ብሎ ጽፏል። ከየትም አልቀዳሁትም።

4. ስታስረክብ አስፈርም! እኔ ቢሮ አስቀምጬ ሄድኩ። ውጤት ሲለጠፍ ስሜ የለም። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «አልደረሰንም፤ ውጭ ጠብቅ» አለችኝ። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ተገኘ፤ ፔርሙስ ተቀምጦበት። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

እስካሁን ቤቴ አለ። ሽፋኑ ላይ ክብ የሻይ ምልክት፣ ከሥሩ ኤ ማይነስ። ማይነሱ ከምን እንደመጣ ግን የነገረኝ የለም።