ትከሻ ከተጠገነ በኋላ ክንድ ያለበትን ቦታ ሳያዩ ማወቅ

ጠያቂያችን ደጋግሞ የሚወልቀው ትከሻዎ በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ አራት ወር እንዳለፈውና ከዚያ ወዲህ ባይወልቅም፣ ዓይንዎን ሲጨፍኑ ክንድዎ ምን ያህል እንደተነሣ እንደማይለዩ ጽፈው «ስፌቱ ላልቶ ይሆን?» ብለዋል። እዚህ ጎንደር በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ይህን ጥያቄ ከብዙ ታካሚዎች ሰምቻለሁ። ይህ ብቻውን የስፌት መላላት ምልክት አይደለም፤ ትከሻው የመንሸራተት ስሜት፣ አዲስ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለው ግን ቀዶ ሕክምናውን ለሠራልዎት ሐኪም ያሳዩ።

የክንድን አቀማመጥ ለአንጎል የሚያሳውቁት በጡንቻዎች፣ በጅማቶችና መገጣጠሚያውን በሚሸፍነው ከረጢት ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎች ናቸው። ትከሻ በተደጋጋሚ ሲወልቅ ከረጢቱ ይለጠጣል፣ የክንድ አጥንት ራስ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠርዝ ዙሪያ ያለው፣ ላብረም የሚባለው ቀለበትም ይቀደዳል፤ የላላ ከረጢት ደግሞ እንደ ላላ የክራር ክር የጠራ ድምፅ አይሰጥም። ቀዶ ሕክምናው ውጥረቱን ይመልሳል፤ ስሜቱ ግን የሚከተለው ዘግይቶ፣ በወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፋርት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት የማይረጋጋ ትከሻ ከጤነኛው ወገን ያነሰ ስሜት እንዳለው፣ በቀዶ ሕክምና በተጠገነው ግን ይህ ልዩነት እንዳልታየ ስላመለከተ፣ ተስፋ የሚቆርጡበት ምክንያት የለም።

ብዙ ሰው ክብደት በማንሣት ብቻ ስሜቱ የሚመለስ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ዓይን ተጨፍኖ የሚሠራ ልምምድ ካልተጨመረበት ጉድለቱ ሲዘገይ አያለሁ። ባለሙያዎ ከፈቀደልዎት፣ መስታወት ፊት ቆመው ክንድዎን በዝግታ ወደ ፊት እስከ አንድ ከፍታ ያንሡና ቦታውን ያስተውሉ፤ አውርደው፣ ዓይንዎን ጨፍነው እዚያው ከፍታ ላይ ለማቆም ይሞክሩ፤ ከዚያ ዓይንዎን ገልጠው ምን ያህል እንደሳቱ ይመልከቱ። ጤነኛውን ክንድ በዚሁ መንገድ መፈተን ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል። መዳፍን ግድግዳ ላይ አሳርፎ በቀስታ መደገፍም በትከሻው ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች አብረው እንዲሠሩ ስለሚያደርግ ጠቃሚ ነው። ጡንቻ ሲደክም ይህ ስሜት ስለሚደበዝዝ፣ ልምምዱን ከከባድ ሥራ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው ይሥሩት። ክንድን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ማዞር፣ ማለትም ድንጋይ ለመወርወር እንደሚዘጋጅ ሰው መሆን፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቅር። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸትም እንዲሁ፤ የተሰፋ ትከሻ የሚጎተት አይደለም።

ለጥምቀት ወይም ለሠርግ እስክስታ መቼ እንደሚፈቀድልዎት ደግሞ ጠይቀዋል። እኔ ከሁሉም በኋላ አመጣዋለሁ፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴው ፈጣንና ተደጋጋሚ ሲሆን፣ ሰው በደስታ መካከል ድካሙን አያስተውልም። በመስታወቱ ፈተና ሁለቱ ክንዶች ሲቀራረቡና ሐኪሙም ሲስማማ፣ በዝግታና ለአጭር ጊዜ ይጀምሩት።