የቫት ሕግ ማጣጣም፦ ሥራውን ከጅማ መጀመር ይቻላል?

ጥያቄ፦ «በአካውንቲንግ ተመርቄ ጅማ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ሂሳብ እሠራለሁ። ሐሳቤ ግን የአገሮችን የቫት ሕግ ማጣጣም (ሕጎቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ማድረግ) ላይ መሥራት ነው። ጓደኞቼ ‹የፈረንጅ ሥራ ነው› እያሉ ይስቁብኛል። ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አትልቀቂ። የምትፈልጊው ሥራ ጫፉ ጠረጴዛሽ ላይ ነው።

የቡና መላኪያው ጆንያ የተገዛበትን ደረሰኝ አውጪና እዪው። ቀጣሪሽ 15 በመቶ ቫት ከፍሎበታል። ቡናው ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን ቫቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የከፈለውን ተመላሽ ይጠይቃል። ያው ቡና ጀርመን ገብቶ ሲሸጥ ጀርመን የራሷን 7 በመቶ ቫት ትጥልበታለች። ታክሱን የሚወስደው ቡናው የሚጠጣበት አገር ነው ማለት ነው። አገሮች ሊስማሙበት የሚደክሙት ነገር ይሄው ነው።

ዕቃ ሲሆን ጉምሩክ ስላለ አያስቸግርም። አገልግሎት ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ቀጣሪሽ ናይሮቢ ካለ ድርጅት የሂሳብ ሶፍትዌር በኢንተርኔት ገዛ እንበል። ኬንያ 16 በመቶዋን ልውሰድ ብትል፣ እኛም 15 በመቶ ብንል፣ ገዢው ሁለቴ ይከፍላል። ሁለታችንም ዝም ካልን ደግሞ እዚሁ ጅማ ሶፍትዌር የሚሠራው ልጅ ቫት ጨምሮ ሲሸጥ የውጭው ያለ ቫት ይሸጥበታል። ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ያሉበት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ያወጣው ዓለም አቀፍ የቫት መመሪያ ታክሱን ለተጠቃሚው አገር ይሰጣል። ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ያለው የአፍሪካ ታክስ አስተዳደር ፎረምም በዚሁ ጉዳይ አገሮችን ያግዛል።

ብዙ ሰው ማጣጣም ሲባል ሁሉም እኩል ፐርሰንት የሚያስከፍል ይመስለዋል። አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አባላቱን መደበኛው ቫት ከ15 በመቶ እንዳይወርድ ብቻ ነው የሚያስገድደው፤ ጀርመን 19፣ ሃንጋሪ 27 ያስከፍላሉ። አንድ የሚያደርጉት ትርጉሙን ነው፦ ምን አገልግሎት ይባላል፣ የት ተሸጠ ይባላል። እንግዲህ ሥራው ከቁጥር ይልቅ የቃላት ነው። አካውንታንት ብቻ ሆኖ አይገፋም፤ ሕግ ማንበብ መልመድ አለብሽ።

አዲሱን የቫት አዋጃችንን፣ ቁጥር 1341/2016ን፣ አሳትሚና ከድሮው 285/1994 ጎን አስቀምጠሽ አንብቢ። ቀጥሎ የኬንያን የ2013 (እ.ኤ.አ.) የቫት ሕግ። የተለያዩበትን በራስሽ ቃል አንድ ገጽ ጻፊ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «በዓለም አቀፍ ታክስ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ማመልከቻ ሰልችቶኛል። «የላኪ ተመላሽ ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቻለሁ» የሚል ግን ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

ፈረንሳይኛም በስልክሽ ጀምሪ። የምዕራብ አፍሪካ 8 አገሮች የጋራ የቫት መመሪያቸውን የጻፉት በእሱ ነው።

አዲስ አበባን ከዓመት በኋላ እናወራበታለን። ሰኞ ቢሮ ስትገቢ ግን ተመላሹን ማን እንደሚሠራው ጠይቂ፤ ውጭ ላለ ሰው የሚሰጥ ከሆነ «እኔ ልሞክረው» በይ።