«መስመሩ ጠፍቷል» ከተባላችሁ በኋላ

ለመስመር ሥራ አዲስ ለሆናችሁ ወጣቶች፣

ከእናንተ አንዱ «መስመሩ ከጣቢያው ከጠፋ ኧርዝ ማሰሩ ጊዜ ከመፍጀት ሌላ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ኧርዝ ማሰር ማለት ሽቦዎቹን በገመድ ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። ጥያቄው ደስም አሰኘኝ፣ አስቆጨኝም። በሙያችን ለዚህ ጥያቄ ሲሰጥ የኖረው መልስ ብዙ ጊዜ «ደንብ ነው» የሚል ብቻ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚተወው ያንኑ ደንብ ነው።

የጠፋ መስመር ተመልሶ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። ከሁሉ የምፈራው ጄኔሬተርን ነው። መብራት ሲጠፋ አንድ ደንበኛ ቤቱን ከዋናው መስመር ሳይለይ ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ ይሰካል። የእሱ 230 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ከ15,000 ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር በታችኛው በኩል ሲገባበት መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ እናንተ የምትይዙት ሽቦ ላይ ወደ 15,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል። የጣቢያው ብሬከር፣ ማለትም መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ፣ ክፍት መሆኑ አያድናችሁም፤ ምንጩ ከብሬከሩ ወዲህ ነው። ጎን ለጎን የሚሄድ ኃይል ያለው መስመርም በኢንደክሽን፣ ማለትም ሳይነካው፣ የጠፋውን ሽቦ ይሞላዋል። መብረቅ ኪሎ ሜትሮች ርቆ መስመሩን ቢመታ በሽቦው ተጉዞ ይደርስባችኋል። በስህተት የሚዘጋ ማብሪያም አለ፤ ለዚህ ነው ቁልፍና ማስጠንቀቂያ ታርጋ የሚደረግበት።

መጀመሪያ ፈትሹ። መፈተሻውን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ምንጭ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ሦስቱንም ፌዝ (ኃይል የሚሸከሙትን ሽቦዎች)፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ምንጭ። የመጨረሻው ሙከራ ከተዘለለ መፈተሻው ዝም ያለው መስመሩ ስለጠፋ ይሁን የራሱ ባትሪ ስላለቀ አይታወቅም።

አሁን ወደ ጥያቄው። የኧርዙ ጥቅም የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው፤ የት ይታሰር? እናንተ በምትሠሩበት ምሰሶ ላይ። ሩቅ ታስሮ የመሬቱ ሬዚስታንስ (ጅረትን የመገደብ መጠኑ) 25 ኦም ቢሆንና 200 አምፔር ቢያልፍበት፣ ሽቦው ከመሬት አንጻር 5,000 ቮልት ይሆናል፤ እጃችሁ ሽቦው ላይ፣ እግራችሁ ምሰሶው ላይ ነው። በምትሠሩበት ምሰሶ ላይ ግን ሦስቱ ፌዞች እርስ በርስ፣ ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) እና ከእግራችሁ በታች ምሰሶው ላይ ከሚታሰረው የብረት ማሰሪያ ጋር ሲገናኙ፣ እጅና እግራችሁ እኩል ሊባል በሚችል ቮልቴጅ ላይ ይሆናሉ። የገመዱና ሽቦውን የሚነክሰው ክላምፕ ሬዚስታንስ 1 ሚሊኦም (የኦም አንድ ሺህኛ) ሆኖ 5,000 አምፔር ቢያልፍ በእጃችሁና በእግራችሁ መካከል ያለው ልዩነት 5 ቮልት ነው። ሰውነታችሁን 1,000 ኦም ብንለው የሚያልፍባችሁ 5 ሚሊአምፔር ነው፤ ይነዝራል፣ ግን ልብ ከሚያቆመው መጠን በታች ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ክላምፑ ንጹሕ ብረት ሲነክስ ነው። የአሉሚኒየም ሽቦ በኦክሳይድ ስለሚሸፈን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። የተረፈውን ገመድ አትጠቅልሉት፤ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት እንደ ጅራፍ ይወራጫል። ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱን ወገን በጃምፐር (በማገናኛ ገመድ) አገናኙ። መሬት ላይ ያለው ረዳት ደግሞ ከምሰሶው ሥር ይራቅ፤ ለእሱ ኧርዙ አይከላከልለትም።

የዛሬ ወጣት ምክንያት ካልሰማ አይቀበልም፤ እወደዋለሁ። በስልክ ላይ ያለው እምነት ግን ያሳስበኛል። «ጠፍቷል» የሚል አጭር መልእክት አይቶ የሚወጣ አለ። መልእክት መፈተሻ አይደለም። ጠይቁ ብያለሁ፣ ሽቅብ ከወጣችሁ በኋላ ግን አትከራከሩ፤ ክርክሩ ከታች ይለቅ።

ስለ ጎማ ጓንትም ጥቂት። ክፍል 0 የሚባለው እስከ 1,000 ቮልት፣ ክፍል 2 የሚባለው እስከ 17,000 ቮልት ነው፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ጽሑፉን አንብቡ። ከመልበሳችሁ በፊት ከአንገቱ ጠቅልላችሁ አየር አፍኑበት፤ ከተነፈሰ ጣሉት። ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብ፤ ጎማውን አንድ የሽቦ ጫፍ ይበሳዋል። ስለ ቀበቶና ራስ ቁር አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

ስታስሩ መጀመሪያ የመሬቱን ጫፍ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ (ኢንሱሌትድ) ዘንግ ቅርብ ካለው ፌዝ ጀምራችሁ ሌሎቹን። ስትፈቱ በተቃራኒው፣ የመሬቱ ጫፍ መጨረሻ። የመጨረሻው ክላምፕ ከተነሳ በኋላ መስመሩ ኃይል እንዳለው ይቆጠራል። አንድ ብሎን ሳይጠብቅ መቅረቱ ያኔ ትዝ ካላችሁ፣ እንደገና ፈትሹ፣ እንደገና እሰሩ፣ ከዚያ ውጡ።